ሻማዋ እንዳትወዛወዝ

ዛሬ ሥራ ቦታ ሻማ ፊት ቆሜ "አ" ስል ዋልኩ። አትሳቁ እንግዲህ።

እዚህ ሚላን የምንከባከባቸው ሲኞራ ድሮ ዘፈን ያስተምሩ ነበር። ሳህን እያጠብኩ ሳንጎራጉር ሰሙኝና ጠሩኝ። ሻማ ለኮሱ፣ ከአፌ አንድ ስንዝር ያህል አራቁት። "አ በይ፤ እሳቱ እንዳይነቃነቅ።" በመጀመሪያው ሙከራ ድርግም!

እኔ ኦፔራ ጩኸት ይመስለኝ ነበር። ለካ የኦፔራው ቤል ካንቶ፣ ማለትም "ውብ አዘፋፈን"፣ ትንፋሽ መቆጠብ ኖሯል። አንዷን ድምፅ በቀስታ ትጀምሪያለሽ፣ ቀስ እያልሽ ታጎዪያታለሽ፣ መልሰሽ ታሳንሻታለሽ፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። "ሜሳ ዲ ቮቼ" ይሉታል። በዚያ ላይ ማይክ የለም።

ከዚያ የሙዚቃ ደራሲውን የቤሊኒን "ካስታ ዲቫ" የተባለ ዘፈን ከፈቱልኝ። እ.ኤ.አ. በ1831 እዚሁ ላ ስካላ ኦፔራ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየው "ኖርማ" ከተባለው ኦፔራ ውስጥ ነው፤ ካህኗ ለጨረቃ የምትጸልይበት። ቤሊኒ ያኔ ገና 30 ዓመቱ! ዜማው ይረዝማል፣ ይጥመለመላል፤ ዘፋኟ የት ጋ እንደተነፈሰች ፈልጌ አጣሁ።

ስድስተኛው ሙከራ ላይ ነበልባሉ ቀጥ አለልኝ። "ብራቫ" (ጎበዝ) ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሲኞራ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው "ሩዙ አረረ" አሉኝ።