«ድመት የለኝም» ሲሏችሁ አትመኑ

ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሁለቱን ድመቶቼን፣ ቡላንና ሻሼን፣ ያገኘኋቸው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ የዓሣ አንጀት የሚጣልበት ቦታ ላይ ነው። ሁለት ወር ቢሆናቸው ነው። በካርቶን አድርጌ በባጃጅ ቤት ወሰድኳቸው። የትል መድኃኒት፣ ቁንጫ መልቀም፣ አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ቆሮሶ ዓሣ። ይሄ ቀላሉ ነው።

የቡላ ድድ ግን ወረቀት መስሎ ነጥቷል። ከውጭ የምትመጣ ጓደኛዬን ለምኜ የድመት ሉኪሚያ የሚባለውን ቫይረስ መመርመሪያ አስመጣሁ። አንድ ጠብታ ደም፣ አሥር ደቂቃ። ሁለቱም ፖዘቲቭ።

ያማከርኩት ባለሙያ «ቢወገዱ ይሻላል» አለኝ፤ አሮጌ ወንበር ይመስል። እምቢ አልኩ። በዚህስ አልጸጸትም። አንዳንድ ድመት ቫይረሱን በራሱ አቅም ይቆጣጠረዋል፤ ስለዚህ በአንድ ምርመራ ብቻ አትፍረዱ። በየክፍላቸው፣ በየሳህናቸው ለይቼ ሦስት ወር ጠበቅኩ። ሻሼ ኔጌቲቭ ወጣች። ቡላ ያው ነው።

ሁለቱን ለያይቶ ዕድሜ ልክ መኖር በእኔ ቤት አይቻልም። ለቡላ ሌላ ድመት የሌለበት፣ ደጅ የማይወጣበት ቤት መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ «የደም ካንሰር አለበት» እያልኩ ሰው አስበረገግኩ። እንደዚያ አትበሉ። ቫይረስ ነው፣ ከድመት ወደ ድመት እንጂ ወደ ሰውም ወደ ውሻም አይተላለፍም በሉ። ደጅ አይወጣም ስል ደግሞ «ድመት ለአይጥ ነው እንጂ ለሶፋ ነው እንዴ?» የሚለኝ በዛ።

በመጨረሻ አንድ ጡረተኛ መምህር ተገኙ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስልክ ደውዬ «ጋሼ፣ ድመት አለዎት?» አልኳቸው።

«የለኝም ልጄ።»

በቃ። ሄጄ ቤቱን አላየሁም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ተገላገልኩ ብዬ ነው። ቡላን ከነምግቡ በባጃጅ ላክሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። አመሻሽ ነው። ጋሼ በረንዳ ላይ የተረፈ ዓሣ በትሪ አቅርበዋል። ቡላ ይበላል። አጠገቡ ሦስት ድመቶች ይበላሉ። አንዷ ጡቷ ተንዠርግጓል፤ አራስ ናት። ጭራሽ በልታ ስትጨርስ የቡላን ጆሮ ትልሰው ጀመር።

ይህ በሽታ በዋናነት የሚተላለፈው በምራቅ ነው። በመላላስ፣ ሳህን በመጋራት፣ በንክሻ። እናት ከያዛት ደግሞ በወተቷ ለግልገሎቿ ታስተላልፋለች።

«ጋሼ፣ ድመት የለኝም አላሉኝም?»

«የለኝማ! እነዚህ እኮ የግቢው ናቸው።»

አልዋሹኝም። የተሳሳተ ጥያቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እኛ አገር ድመት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፤ «የእኔ» የሚለው የለም። ይህን ሳላውቅ ነው እዚህ ከተማ ያደግኩት?

ደጅ አይወጣም ያልኩትንም አስታወስኳቸው። «ዘጋሁበት፤ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሶ አላስተኛ አለኝ» አሉ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ፤ ቡላ ደግሞ አልመነኮሰም።

በማግስቱ ድመቶቹን ለምርመራ የሚይዝልኝ ሰው ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው «ባለቤታቸው ማነው?» አለኝ። የግቢው ናቸው አልኩ። «እንግዲያው ግቢው ቀርቦ ማመልከቻ ይጻፍ» አለ። ሲቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም። ከኋላው የተቀመጠው ደግሞ ቀና ሳይል «አዲስ በሽታ ነው፣ መመሪያ አልወረደልንም» አለ። አዲስ! ቫይረሱ ስኮትላንድ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከእሱ ዕድሜ ይበልጣል።

ራሴው በዓሣ ማታለል ጀመርኩ። ሁለቱን ያዝኩ፤ ያኔም ከሦስት ወር በኋላም ኔጌቲቭ ሆኑ። አራሷ ግን በሁለተኛው ቀን ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ በአጥር ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ታማ ይሁን ድና አላውቅም። አሁንም ሌሊት ሌሊት ትመጣብኛለች።

ቡላን መልሼ ወሰድኩት፤ ሻሼን ለእህቴ ሰጠሁ። ጤነኛውን ማስቀመጥ በሽተኛውን መስጠት የሚባለው ነገር ለእኔ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ለጤነኛ ድመት ቤት ሞልቷል። ለታመመው ከሁሉ የሚሻለው ደካማ ጎኑን የምታውቁት እናንተው ናችሁ፤ የፈለገ ባለሙያ ሌላ ቢላችሁም። ቡላ ድዱ ቀላ ብሏል። መስኮት ላይ ተጋድሞ ወፍ ይቆጥራል።

ከዚያ ወዲህም ለሌሎች ቤት ፈልጌያለሁ። በስልክ አልጠይቅም። አመሻሽ ላይ የቆሮሶ ጭንቅላት በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። ግቢው መሐል እዘረግፈውና ስንት ድመት እንደሚመጣ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ።