ኦሺንን ከጎረቤቴ ጋር ያየሁበት ዓመት

የምኖረው ቶኪዮ ውስጥ፣ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ፣ ዮትሱጊ በተባለው ሰፈር ነው። በጃፓን ያለን ኢትዮጵያውያን ቁጥራችን ትንሽ ቢሆንም ብዙዎቻችን የተሰባሰብነው በዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ በአንዱ ጠባብ መንገድ ሲያልፉ የሚቆላ ቡና ሽታ ያጋጥማል። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የምሠራው የምሳ ሳጥን በሚዘጋጅበት ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በሚንቀሳቀሰው መስመር ፊት ቆሜ በእያንዳንዱ ሳጥን ጥግ ላይ ሁለት ቁራጭ የተቀቀለ ካሮት ሳስቀምጥ አድርና፣ ጠዋት ስመለስ ከታች ያሉት ጎረቤቴ በራቸውን ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። የሳተላይት ቴሌቪዥን ያላቸው እሳቸው ስለነበሩ፣ በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ የጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ ኤን ኤች ኬ በሳተላይት ጣቢያው ማለዳ ማለዳ በድጋሚ ያስተላልፈው የነበረውን «ኦሺን» የተባለ ተከታታይ ድራማ አብረን ለማየት ተስማማን።

ስለ ጃፓን ተከታታይ ድራማዎች የምጽፈው በእነዚያ ጠዋቶች ላይ ተመሥርቼ ነው። አስተያየቴም ከወዲሁ ግልጽ ይሁን፤ የጃፓን ድራማ ትልቅ የሚሆነው ስለ እንጀራ ሲናገር፣ ማለትም ሰው ምን እንደሚበላና ለዚያ ምን እንደከፈለ በዝርዝር ሲያሳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ኦሺን» የሚመደብበት የኤን ኤች ኬ የማለዳ ድራማ የተጀመረው በ1961 ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በ2019 ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይታይ ነበር። ሰዓቱ ቁርስ የሚበላበት፣ ዕቃ የሚታጠብበት፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሸኝበት በመሆኑ፣ ድርሰቱ ዐይኑ ከስክሪኑ ላይ የተነሣ ሰው በጆሮው ብቻ ሊከታተለው እንዲችል ሆኖ ይጻፋል። ተራኪ አለ፤ ገጸ ባሕርያቱም ስሜታቸውን በቃል ይናገራሉ። ይህ አሠራር ለአንዳንድ ተመልካች የሚያሰለች ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ ይልቅ ጃፓንኛን ያስተማረኝ እሱ ነው። በትምህርት ቤቱ የአክብሮትን አነጋገር በሠንጠረዥ ነበር የተማርኩት። ያች አነጋገር ከማን ወደ ማን እንደምትሄድ፣ አሠሪዋ ቤት ውስጥ የገባች ሕፃን ልጅ ድምፅዋን እንዴት ዝቅ እንደምታደርግ የገባኝ ግን ከ«ኦሺን» ነው። «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን ለይቶ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ደረጃው ግን ከእኛ ይበዛል።

«ኦሺን»ን የጻፉት ደራሲዋ ሃሺዳ ሱጋኮ ናቸው። ከ1983 እስከ 1984 በ297 ክፍሎች ሲተላለፍ አማካይ የተመልካች መጠኑ 52.6 በመቶ፣ ከፍተኛው ደግሞ 62.9 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ከ60 በሚበልጡ አገሮች ታይቷል። ታሪኩ በ1983 ከአሮጊቷ ኦሺን ጀምሮ ወደ ልጅነቷ፣ ወደ ያማጋታ ገጠር በ1907 ይመለሳል። ጭሰኛ ቤተሰብ ነው፤ የሚበሉት ሩዝ በተከተፈ ነጭ ራዲሽ የተሞላ፣ ከሩዙ ራዲሹ የሚበዛ ነው። የሰባት ዓመቷ ኦሺን በአንድ ከረጢት ሩዝ ክፍያ፣ ሕፃን በጀርባዋ እያዘለች ለአንድ ዓመት እንድታገለግል ወደ ጣውላ ነጋዴ ቤት ትላካለች። ከመሄዷ በፊት እርጉዝ እናቷን በበረዶ መካከል በሚፈሰው ወንዝ ውስጥ ቆማ ታገኛታለች። ሌላ አፍ የሚመግቡበት ስለሌላቸው ጽንሱ እንዲወርድላት ነው። ከዚያ በሞጋሚ ወንዝ ላይ፣ በተያያዙ ተንሳፋፊ ግንዶች ተጭና ስትሄድ እናቷን የምትጣራው ጩኸት አለ፤ «ካአቻን!» ጎረቤቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሻይ የያዘውን ስኒ በሁለት እጃቸው አቅፈው ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አልጨፈንኩም። ኦሺን ያዘለችውን ትንሽዬ ጥቅል ነበር የማየው፤ ምክንያቱን ለራሴም ለመናገር ጥቂት ቀን ወሰደብኝ።

ስለ ሌሎቹ ድራማዎችም ጥቂት ልበል። የማታዎቹ ተከታታዮች አብዛኛውን ጊዜ አሥር ወይም አሥራ አንድ ክፍል ይዘው በሦስት ወር ያልቃሉ። በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት አዲስ ይጀመራል። ማለቃቸውን እወደዋለሁ፤ ደራሲው መድረሻውን ዐውቆ ስለሚነሣ ታሪኩ አይጓተትም። ይሁንና የመጨረሻዋ ክፍል ብዙ ጊዜ ታሳዝነኛለች፤ ምክንያቱም ዘጠኝ ሳምንት በዝምታ ያየነውን ነገር አንድ ገጸ ባሕርይ ቆሞ በስብከት መልክ ያስረዳናል። በ2013 የመጨረሻ ክፍሉ በቶኪዮ አካባቢ 42.2 በመቶ ተመልካች ያገኘው «ሃንዛዋ ናኦኪ» በባንክ ሠራተኞች መካከል ስላለ በቀል የሚተርክ ሲሆን፣ ግንባርን መሬት ላይ አስነክቶ ይቅርታ የማስጠየቅ ትዕይንቱ አገር ያነጋገረ ነው። እኔ ጩኸቱና የፊት መኮማተሩ በዝቶብኝ ነበር። የፋብሪካው የሥራ ባልደረቦቼ ግን ስለ እሱ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበርና፣ ዓመቱን ሙሉ ለአለቃ ሲያጎነብስ የሚውል ሰው አንድ ጊዜ አለቃ ሲያጎነብስ ማየት ምን እንደሚያደርግለት ስለተረዳሁ ፍርዴን አለዝቤዋለሁ።

ማለቅን ካነሣሁ የወረዳችንን ታሪክ ሳልጠቅስ አላልፍም። ከዮትሱጊ ብዙም የማይርቀው ሺባማታ የቶራ ሳን አገር ነው። ዛሬ በባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሐውልቱ የቆመለት ይህ ተንከራታች ነጋዴ መጀመሪያ የታየው በሲኒማ አልነበረም፤ ከ1968 እስከ 1969 በፉጂ ቴሌቪዥን በ26 ክፍሎች በቀረበ ድራማ ነው። በመጨረሻው ክፍል መርዛም እባብ ነድፎት ሲሞት ተመልካቹ ጣቢያውን በተቃውሞ ስላጨናነቀው፣ በዚያው በ1969 በፊልም ሕያው ሆኖ ተመለሰ። ከቤቱ ሄዶ የሚመለስ፣ ተመልሶም የማይረጋ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል እኛ ስደተኞችም የምንወደው።

የውጭ አገር ሰው አሣሣል ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። እኛ በድራማ ውስጥ የምንታየው አልፎ አልፎ፣ ያውም በተሰባበረ ቋንቋ ለማሳቅ ወይም በጃፓን ምግብ ለመደነቅ ነው። ከ2014 እስከ 2015 የታየው የማለዳ ድራማ «ማሳን» በዚህ ረገድ ሌላ ነበር። ዊስኪ መጥመቅ የሚመኝ ጃፓናዊ ያገባች ስኮትላንዳዊት ታሪክ ሲሆን፣ በማለዳው ድራማ የውጭ አገር ሰው ዋና ተዋናይት ስትሆን የመጀመሪያዋ አሜሪካዊቷ ሻርሎት ኬት ፎክስ ናት። አማቷ ቤት ገብታ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ምን ብላ እንደምትናገር የምትለማመድበትን ትዕይንት ሳይ፣ የመጀመሪያ ዓመቴን ማንም ሳይጠይቀኝ የተረከልኝ መስሎኝ ነበር። በሌሊት ፈረቃ ካሮት የምትደረድር ሴት ግን እስካሁን ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና አላየሁም። ምሳ ሳጥኑ በየድራማው አለ፤ የሠራው እጅ የለም።

ወደ ኦሺን ልመለስ። በጣውላ ነጋዴው ቤት የ50 ሴን፣ ማለትም የግማሽ የን፣ ሳንቲም ይጠፋል። ኦሺን አያቷ የሰጠቻት ተመሳሳይ ሳንቲም ስላላት ሌባ ትባላለች፤ ሳንቲሟንም ይነጥቋታል። ከዚያ በበረዶ ውስጥ ጠፍታ ትወጣለች። ያን ቀን ወደ ክፍሌ እንደወጣሁ ለእናቴ ደወልኩና፣ የምነግራት ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ያየሁትን ተረክሁላት። እናቴ ድራማ የምትወድ ሰው አይደለችም። ስጨርስ ዝም አለችና «እኔንም ቀለበት ወሰደች ብለውኛል» አለችኝ።

እናቴ በልጅነቷ ከገጠር ወጥታ አዲስ አበባ ሰው ቤት እንዳደረች ዐውቅ ነበር። የጠፋውን ቀለበት፣ መቀነቷን አስፈትተው የበረበሯትን፣ በማግሥቱም ከሳሙና ማስቀመጫው ሥር ሲገኝ ማንም ምንም እንዳላላት ግን እስከዚያ ቀን አልሰማሁም። እኔም ለዓመታት አልጠየቅኋትም። አሁን ስታወራ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የሰፈር ወሬ እንደምትነግረኝ ሁሉ ረጋ ብላ «ልጅቷስ፣ እናቷ ዘንድ ተመለሰች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በጸደይ ተመለሰች፤ ኋላ ግን ሌላ ቤት ትቀጠራለች» አልኳት።

«እንዴ! ታዲያ ምኑን ተመለሰች!»

በማግሥቱ ይህንን በምችለው ጃፓንኛ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፣ ለእናቴ በዓመት ስንት ይከፍሏት እንደነበር ጠየቁኝ። አላውቅም ነበርና ደግሜ ደወልኩ። ምግቧን፣ ለፋሲካ አንድ ቀሚስ፣ ለአያቴ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ የሚላክ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ነበር። ግማሽ ኩንታሉን በኪሎ አስልቼ ሃምሳ ኪሎ ነው ብዬ ስነግራቸው፣ የኦሺን ከረጢት ስድሳ ኪሎ ገደማ እንደሆነ እሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ሰዓቱ ስለደረሰ ቴሌቪዥኑን ከፈቱት፤ ከሻዩ አጠገብም አንድ ሰሃን የተቦካ ራዲሽ አስቀመጡልኝ።