ክክ ያፈረሰብኝ ኮምቦልቻ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ሆኜ ስገባ ቢላ በወጉ መያዝ እንኳ አልችልም ነበር። ያስተማሩኝ ወጥ ሠሪዋ እትዬ ናቸው። «ሽንኩርቱ ውኃውን ሳይጨርስ ዘይት እንዳታስነካው» ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ አይነግሩኝም፣ ድስቱ ላይ ጎንበስ አድርገው ያስሸትቱኛል እንጂ። በሁለት ዓመት ውስጥ የቁሌቱን መድረስ ከሽታው ብቻ መለየት ቻልኩ። በረመዳን ደግሞ ሾርባውም ሳምቡሳውም መግሪብ ላይ በአንዴ ይታዘዛል። ያን ጥድፊያ ክፍል ውስጥ ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም ነበር።

ከዚያ የተሻለ ደመወዝ አገኘሁና የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። በመጀመሪያው ዓርብ ክክ አልጫ ጥጄ በደሴው ሰዓት ልክ ተውኩት። ስከፍተው ክኩ ፈርሶ ገንፎ መስሏል። እሳቱን ወቀስኩ፣ ክኩን የሸጠልንን ነጋዴም ጠረጠርኩ። እትዬ ጋ ብደውል «አብሽር ልጄ፣ አገሩ ሞቃት ነዋ» አሉኝ።

ምክንያቱ የገባኝ በኋላ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ስገባ ነው። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ውኃዋ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 አካባቢ ይፈላል። ደሴ ላይ እሳት ቢጨምሩበት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ለዚህ ነው ክኩ ኮምቦልቻ ላይ ከደሴው ቶሎ የበሰለው። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የዋጋ ስሌቱ ነው፦ 10 ኪሎ ሽንኩርት ተልጦ 9 ኪሎ ከቀረ፣ የከፈልኩት ብር የሚካፈለው ለ9ኙ ነው። ከዚያ በፊት የማወጣው ዋጋ ሁሉ ግምት ነበር።

ሥልጠናው ግን ጉድለት ነበረበት። ብዙ ሆነን አንድ ምድጃ እንከብ ስለነበር፣ ወጥ ቤት ሠርተው የማያውቁ ጓደኞቼ የአቆራረጡን ስም ሁሉ እያወቁ እጃቸው አልፈታም። የብቃት ምዘናው የተግባር ፈተና ላይ ሲንቀጠቀጡ አይቼ አዘንኩ፤ ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም።

ለዚህ ነው «ትምህርት ይሻላል ወይስ ሥራ?» ለሚለኝ ሁሉ ቢያንስ ስድስት ወር ወጥ ቤት ከርመህ ክፍል ግባ የምለው። የአክስቴን ልጅ እትዬ ዘንድ ወስጃታለሁ። ትንሽ ደብተር ገዛሁላትና «እንዲህ አድርጊ ብለውሽ ለምን እንደሆነ ያልገባሽን ሁሉ ጻፊው፤ ለመምህሮችሽ ትወስጂዋለሽ» አልኳት። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች።