ከስኳሽ በኋላ የተመለሰው የቫት ስህተት

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ለጅምላ ነጋዴዎች የሽያጭ ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ቡድን አለ። ጊትሀብ (በጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ የሚሠራ የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ ያለው ሪፖዚተሪያቸው (የኮድ ማኅደራቸው) ስኳሽ መርጅን ብቻ ይፈቅዳል፤ ብራንቹ (ለብቻ የሚሠራበት የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ ያሉት ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ተጠቅልለው እንደ አንድ አዲስ ኮሚት ሜይን (ዋናው ቅርንጫፍ) ላይ ያርፋሉ። ምርጫው ጥሩ ነው። «ኮማ ረስቼ» የሚሉ ኮሚቶች ሜይንን አያጨናንቁትም፤ አንድ ሥራ ከተበላሸም በአንድ ሪቨርት (ለውጥን መሻሪያ) ይነሳል።

ጣጣው የመጣው አንዱ ብራንች ከሌላው ላይ ሲነሳ ነው። አንዱ ልጅ የሂሳብ ማስያውን በሦስት ኮሚት ሠርቶ ፑል ሪኩዌስት (ሥራው ሜይን እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ከፈተ። ባልደረባው እስኪጸድቅ ሳትጠብቅ ከሦስተኛው ኮሚት ብራንች አውጥታ የደረሰኙን ገጽ ጀመረች። ኮዱ ሲገመገም 15 በመቶው ቫት በየዕቃው እየተጠጋጋ እንደሚደመር ታየ። ባለ 10.30 ብር ሦስት ዕቃዎች ለየብቻ ሲሰሉ 1.545 ወደ 1.55 ከፍ እያለ ድምሩ 4.65 ይሆናል፤ ከ30.90 ብር ጠቅላላው ላይ ግን 4.64 ነው። ደንበኛው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነበር። ልጁ በአራተኛ ኮሚት አርሞት ሥራው ስኳሽ ሆኖ ሜይን ገባ።

የልጅቷ ፑል ሪኩዌስት ወዲያው ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) አወጣ። የሱ ሦስት ኮሚቶችም እንደ አዲስ ሥራ ተዘረዘሩበት። እሷም የራሷን ብራንች ቅጂ መርጣ ግጭቱን ፈታች፤ እርማቱ በዚያው ተሰረዘ። ኮምቦልቻ ያለው ደንበኛ የአንድ ሳንቲም ልዩነቱን እንደገና ሲያገኝ አስተባባሪው «አብሽሪ እታለም፣ መጀመሪያ ብራንችሽ ከየት እንደተነሳ እንይ» አላት።

ስኳሽ የሚፈጥረው ኮሚት ይዘቱ የድሮዎቹ ቢሆንም መለያው ሌላ ነው፤ ከድሮዎቹ ጋርም የዘር ሐረግ የለውም። ስለዚህ ጊት የሁለቱን የጋራ መነሻ ሲፈልግ ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ወዳለው ነጥብ ይመለሳል። ከዚያ ሲያይ ሜይንም የሷም ብራንች ያንኑ ፋይል ለየብቻ የጻፉት ይመስለዋል። የልጁ ሥራ በተራ መርጅ ኮሚት (የድሮዎቹን ኮሚቶች እንዳሉ ይዞ በሚያዋህደው) ቢገባ ኖሮ መነሻው ሦስተኛው ኮሚት ይሆንና፣ እሷ ያንን መስመር ስላልነካችው እርማቱ ያለ ግጭት ያልፍ ነበር።

መፍትሔው ኮንፍሊክቱን በእጅ ከመንካት በፊት ሪቤዝ (ኮሚቶችን ሌላ መነሻ ላይ እንደገና መትከል) ማድረግ ነው፣ ኦንቱ (--onto) ከሚለው አማራጭ ጋር። ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ይሰጠዋል፦ ማረፊያው ሜይን፣ ከዚያ ብራንቹ የተነሳበት ሦስተኛው ኮሚት፣ መጨረሻ ላይ የሚዛወረው ብራንች። ያኔ የሷ ኮሚቶች ብቻ ተነቅለው አዲሱ ሜይን ላይ ይተከላሉ። መነሻው እንዳይጠፋ የኮሚቱን መለያ ፑል ሪኩዌስቱ መግለጫ ላይ መጻፍ ይበጃል።

ስኳሹን ማጥፋት አያስፈልግም። እንዲህ ተደራርበው የሚሠሩ ብራንቾች የሚበዙ ከሆነ ግን ሴቲንግስ ውስጥ ጄኔራል፣ ከዚያም ፑል ሪኩዌስትስ በሚለው ክፍል መርጅ ኮሚትንም መፍቀድ ተገቢ ነው። እዚያው የስኳሹን መልእክት ከፑል ሪኩዌስቱ ርዕስና መግለጫ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል። ስኳሽ የሆነን ብራንች ከኮምፒውተር ላይ ለማጥፋት በትንሹ ዲ (-d) ሲታዘዝ ጊት «ሙሉ በሙሉ አልተዋሃደም» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል፤ ሥራው ሜይን መግባቱ ከተረጋገጠ በትልቁ ዲ (-D) ይጠፋል። ሪቤዝ የተደረገው ብራንች ፑሽ ሲደረግም (ወደ ጊትሀብ ሲላክም) በፎርስ ዊዝ ሊዝ (--force-with-lease) ይሁን፤ ተራው ፎርስ ሌላ ሰው በመሃል የጨመረውን ኮሚት ሳይጠይቅ ይደመስሳል።