የ379 ዶላሩ ላፕቶፕና የመንዝ ባና

«ጋሼ፣ እዚያ አሜሪካ በገና ሰሞን ላፕቶፕ በነፃ ይሰጣሉ አሉ። እውነት ነው?»

ጠያቂው የአክስቴ ልጅ ነው። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ የገና ዕለት ማታ። በጉ ተበልቷል፣ ጠላው እየተቀዳ ነው፤ ውጭ ያለውን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጁ ስልኩን አስጠግቶ ቪዲዮ ያሳየኛል። የሱቅ በር ሲከፈት ፈረንጁ እንደ ክረምት ጎርፍ ይገባል፣ ሁለት ሴቶች አንድ ቴሌቪዥን ይዘው ይጓተታሉ። «በነፃ ባይሆንማ ማን እንዲህ ይጋፋል?» ብሎ ጓደኛው ፈረደ። ሌላው ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሃያ ዓመት ስትኖር አንድ አሥሩን እንኳ ገዝተህ ብታስቀምጥልን ምን ነበረበት?» አለኝ።

አሥር ላፕቶፕ ታቅፌ ቦሌ ጉምሩክ ፊት ስቆም ታየኝና ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ለቤተሰቤ ተናግሬው የማላውቀው ነገር ትዝ አለኝ። አረቄም ቀምሰን ስለነበር ነገርኳቸው። እናንተም ስሙት።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ነው። በዲቪ ገብቼ ዓመት አልሞላኝም። ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ለአራት ተከራይተን እንኖራለን፤ አንዱ የአንኮበር፣ አንዱ የጅሩ፣ አንዱ የሸዋ ሮቢት፣ እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያደግሁ የመንዝ ልጅ። ሐበሻው ቤታችንን «አውራጃ ጽሕፈት ቤት» ይለው ነበር። አራታችንም ፓርኪንግ እንሠራለን፣ በሰዓት 8 ዶላር።

የአንኮበሩ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን የእሑድ ጋዜጣ እየለቀመ ይዞ ይመጣል። ውስጡ ኩፖን አለ። ማታ መቀስ ይዞ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሲቆርጥ ክታብ የሚያዘጋጅ ደብተራ ይመስል ነበር። ለሳሙና 50 ሳንቲም፣ ለድመት ምግብ 1 ዶላር። ድመት የለንም። «ይቀመጥ፣ አይታወቅም» ይላል። ኩፖኑ ግርጌ ላይ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል፣ የጥሬ ገንዘብ ዋጋው የአንድ ሳንቲም አንድ መቶኛ እንደሆነ ተጽፏል። መቶ ኩፖን ቆርጠህ አንዲት ሳንቲም ማለት ነው። ለእናቴ በስልክ «ሳሙና እንኳ በኩፖን ነው የምንገዛው» ብዬ ብነግራት ደንግጣ፣ «ምነው ልጄ፣ እዚያም ቀበሌ አለ? ስኳሩስ ይደርሳችኋል?» አለችኝ። ዘመኗን ኅብረት ሱቅ ፊት ተሰልፋ ያሳለፈች ሴት ኩፖን ሲባል ሌላ ምን ሊመጣላት!

ኩፖን እንኳ ደግ ነው፤ እዚያው ካሸሯ ፊት ይቀነስልሃል። ጉዱ ሪቤት የሚሉት ነው። ሒሳቡን አሟልተህ ትከፍላለህ። ከዚያ ፎርም ትሞላለህ፣ የደረሰኙን ቅጂ ታያይዛለህ፣ ከካርቶኑ ላይ ባርኮዱን ራሱን በመቀስ ቆርጠህ በፖስታ ትልካለህ፤ ስምንት አሥር ሳምንት ስትጠብቅ ቼክ ይመጣልሃል። ይመጣልሃል ይላሉ። በእኛ አገር ነጋዴው ገብሱን በቁና ሰፍሮ ምራቂውን እዚያው ዓይንህ እያየ ይጨምርልሃል። «ምራቂውን በየካቲት እልክልሃለሁ፤ አንተ ብቻ የጆንያውን አፍ ቆርጠህ ላክልኝ» የሚል ነጋዴ ሰንበቴ ገበያ ላይ ቢገኝ የሚሸኘው በዱላ ነው።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ጋዜጣው ላይ ላፕቶፕ ወጣ፤ 379 ዶላር። ቁጥሩ የበር ያህል ነው፣ የቀረው በዚያችው በጉንዳን እግር። ዋጋው 599፣ ሱቁ እዚያው 100 ይቀንሳል፣ ከሚቀረው 499 ላይ 120ው በሪቤት ይመለሳል። ታክሱ ደግሞ የሚሰላው ከ499ኙ ላይ ነው እንጂ ከ379ኙ አይደለም፤ ያኔ ሜሪላንድ 5 በመቶ ነበር፣ ኋላ 6 ሆነ። ስለዚህ የ379 ዶላር ላፕቶፕ ለመግዛት 523 ዶላር ከ95 ሳንቲም ያስፈልግሃል። ከየት? አዲስ ከወጣልን ክሬዲት ካርድ ነዋ። 120 ዶላር ለእኛ አሥራ አምስት ሰዓት የመኪና ጭስ መማግ ስለሆነ የሚተው አልመሰለንም። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ይላል፤ እኛ አራት ነን፣ አራት እንገዛለን።

ቀኑን ልንገራችሁ። ታንክስጊቪንግ የሚሉት በዓላቸው የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ማግስቱ ዓርብ ብላክ ፍራይደይ ይባላል፤ የገና ገበያቸው በቅናሽ የሚከፈትበት ቀን ነው። ድሮ የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ነጋዴዎች የገና ገበያ አጠረብን ሲሉ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በዓሉን በአንድ ሳምንት አስቀደመው። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ገሚሱ በዚህኛው፣ ገሚሱ በዚያኛው ሐሙስ ሲያከብር ቆይቶ በ1941 አራተኛው ሐሙስ ተብሎ በሕግ ጸና። ለነጋዴ ተብሎ በዓል ሲዛወር አስቡት! እኛ ጋ እንኳን በዓል፣ የጾም መያዣ በአንዲት ቀን ቢዛነፍ ስንት ደብተራ በተነሳ። የዚያ ዓመቱ ሐሙስ ታዲያ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ላይ ዋለ፣ የነቢያት ጾም የሚገባ ዕለት። እነሱ ተርኪ የሚሉትን ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ ሲጠብሱ እኛ ጾም ያዝን።

ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ሱቁ በር ላይ ደረስን። የሚከፈተው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ላፕቶፑ ጥቂት ስለሆነ ከፊት ያልተሰለፈ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እኛ ስንደርስ ከፊታችን አምስት ሰው ብቻ ነበር። የሸዋ ሮቢቱ የቆላ ልጅ ነው። ግማሽ ሰዓት እንደቆመ «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ መኪና ውስጥ ገባ፤ ተራውን የጅሩው ያዘለት። እኔ ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ለዚያውም ባናዬን ይዣለሁ። እናቴ ሱፉን በእጇ ፈትላ ያሠራችው፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በግ በግና ጭስ ጭስ የሚል የመንዝ ባና። ፈረንጆቹ ድንኳንና ታጣፊ ወንበር ይዘው መጥተው በሦስት ጃኬት ይንቀጠቀጣሉ። እኔ ከራሴ እስከ እግሬ ተከናንቤ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ። ኮራሁ። ወገኖቼ፣ በጣም ነው የኮራሁት።

ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሸለብ አድርጎኝ ሳለ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዓይኔን ስገልጥ አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ሴትዮ ጎንበስ ብላ በሐዘን ታየኛለች። የእናቴ እኩያ ትሆናለች። በፎይል የተጠቀለለ ትኩስ ሳንዱች ዘረጋችልኝ፤ ከላዩ 5 ዶላር አለበት። ከምትለው ግማሹ አልገባኝም፣ «ጋድ ብለስ ዩ» የምትለዋ ግን ገባችኝ።

እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ትልቅ ሰው ሲሰጥህ እንዴት እንደምትቀበል በልጅነትህ በኩርኩም ተምረሃል አይደል? ብድግ ብዬ፣ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ወገቤን ሰብሬ እጅ ነሳሁ። ሴትዮዋ እንባዋ ግጥም አለ። እንዲህ ያለ ትሑት ለማኝ አይታ አታውቅም መሰለኝ።

የጅሩው ሳቁ አላስቆም ብሎት ግድግዳውን ይዟል። «ስለ ማርያም በል እንጂ!» ይለኛል። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ ያየኛል፤ አንዱማ ወንበሩን ሊለቅልኝ ተነሳ። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጃፍ ላይ ባናቸውን ለብሰው የሚቀመጡት ነዳያን ናቸው። ከቅዳሴ ስንወጣ እናቴ ዳቦውን ቆርሳ በእኔ እጅ ነበር የምትልክላቸው። አንዱንም ሰውዬ ቀና ብዬ ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር። ሴትዮዋን ተከትዬ ሮጬ «እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራ አለኝ፣ የምገዛው ላፕቶፕ ነው» ልላት አሰብሁ። እንግሊዝኛዬ እስኪሰናዳ መኪናዋ ሄደች።

ሳንዱቹ የተርኪ ነው። ሽታው ባናውን ዘልቆ ገባ። ጾም በተያዘ በማግስቱ፣ ያውም ዓርብ።

በሩ ተከፈተ። ግፊያውን በቪዲዮ አይታችሁታል፤ አራት ላፕቶፕ ይዘን ወጣን።

ቤት ገብተን የአራቱንም ካርቶን በመቀስ ሸረካከትነው። የአንኮበሩ እጅ ጽሕፈቱ ያምራል ብለን ፎርሙን ሁሉ እሱ ሞልቶ፣ አራቱን ፖስታ በአንድ ቀን ላከው። በሳምንቱ የሸዋ ሮቢቱ ላፕቶፕ ስክሪኑ ጨለመ። ወደ ሱቁ ይዞት ቢሄድ ካርቶኑ ባርኮድ ስለሌለው አንቀበልም አሉት። ሪቤቱን ለማግኘት መቁረጥ ግዴታ ነው፤ ከቆረጥክ ደግሞ መመለስ አትችልም። ይህን የፈለሰፈው ሰው የት እንደተማረ ባውቅ ልጄን እዚያ ነበር የማስገባው።

መልሱ በየካቲት መጣ። ለሦስታችን ሦስት ካርድ፤ በአንድ አድራሻ የሚከፈለው አንድ ሪቤት ብቻ ነው ይላል። ለካ «ለአንድ ሰው አንድ» የሚለው ለላፕቶፑ ነው፣ ሪቤቱ ለአንድ ቤት አንድ ነው፤ በዚያች በጉንዳን እግር ተጽፏል። አንኮበርና ጅሩ አንድ ቤት ሊያድሩ እንደሚችሉ፣ አንድ እናት እንደሌላቸው ለማን አቤት ይባላል! ቼኩ የደረሰው ለጅሩው ነው። የማስታወቂያ ወረቀት መስሎት ጥሎት ነበር፤ ከቅርጫት ያወጣው የአንኮበሩ ነው። 120 ዶላር፣ የተጻፈበት ቀን በእኛ ጥር 22።

እንግዲህ ጠብ ሆነ። የአንኮበሩ «ጽፌ የላክሁት እኔ፣ ከቆሻሻ ያወጣሁት እኔ፤ ሠላሳ ሠላሳ እንካፈል» አለ። የጅሩው «ስሙ የማን ነው?» አለ። የሸዋ ሮቢቱ «እኔ በድን ታቅፌ ቀርቻለሁ፣ ካሳ ይገባኛል» አለ። እኔስ? ለክንድ መሬት ሰባት ዓመት የሚሟገቱ ሰዎች ዘር ነኝ፤ በ30 ዶላር ወር ሙሉ ሰላምታ የነሳሁ እኔ ነኝ። በመጨረሻ አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት በሽምግልና ገቡ። ቼኩን ተቀብለው «እስክትታረቁ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብለው ውዳሴ ማርያማቸው ውስጥ ከተቱት። ዐቢይ ጾም አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ቀርቦ፣ ይቅር ተባብለን፣ ተቃቀፍን። ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ገለጡ። ቼኩ ግርጌ ላይ «ከ90 ቀን በኋላ አይሠራም» ይላል። ከጥር 22 ዘጠና ቀን ቁጠሩ፤ ሚያዝያ 22። እርቁ በዘጠኝ ቀን ዘገየ።

የእኛ ጅልነት ብቻ አይምሰላችሁ። ሪቤት የሚያወጣ ድርጅት ስንቱ ፎርሙን ሳይልክ እንደሚቀር፣ ስንቱ ቀኑን እንደሚያሳልፍ፣ ስንቱ ቼኩን እንደሚጥል ገምቶ ነው ቅናሹን የሚያወጣው። ሰው የረሳው ገንዘብ ስም ሁሉ አለው፣ «ብሬኬጅ» ይሉታል። አሁን መቀሱ እየቀረ ነገሩ ወደ ስልክ ገብቷል፣ በኢንተርኔት የሚሸመትበት፣ ከብላክ ፍራይደይ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ሳይበር መንደይ ተብሎ ተጨምሯል (ስሙ የወጣው ልክ በዚያው ዓመት ነው)፤ ጉንዳኗ ግን እግሯን አላጠፈችም።

የእኛም ገበያ ጻድቅ ነው አላልኩም። ለዚህ ገና በግ ልገዛ ወጥቼ ባለበጉ መጀመሪያ ያየው ጫማዬን ነው። ከፊቴ ለነበረው ሰው የጠራውን ዋጋ ለእኔ አጠፈው። «ቀንስ እንጂ» ስለው «አንተማ ዶላር ነህ» አለኝ። ቢያንስ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የዘረፈኝ፤ እየሳቀም መረቀኝ።

ዲቪ ደርሷችሁ የምትሄዱ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ክሬዲት ካርድ ላይ ዕቃ አትጫኑ። ሪቤት ያለበትን ነገር ሪቤቱ እንደሌለ ቆጥራችሁ ዋጋው ከተስማማችሁ ግዙ፣ ካልተስማማችሁ እለፉት። ካርቶን ከመቁረጣችሁ በፊት ዕቃው መሥራቱን እዩ። ባናውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወላሂ ያሞቃል፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ ግን አትከናነቡት። እዚህ ሆናችሁ «እዚያ ርካሽ ነው፣ ላክልኝ» የምትሉትም፣ ርካሹ ውስጥ ማን ሲሚንቶ ላይ እንዳደረ ጠይቁ። ልጆቹ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፣ የአክስቴ ልጅ «እሺ ጋሼ፣ ሪቤት የሌለውስ ስንት ነው?» አለኝ።

እናቴ ይህን ሁሉ ስናወራ ምድጃው አጠገብ ሆና እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር። የላፕቶፑም ነገር፣ የቼኩም፣ የ5 ዶላሩም አላስገረማት። እንጨቱን አስተካክላ ቀና አለች።

«ያንን ምግብ ምን አደረግኸው?»

«የቱን፣ እማዬ?»

«ሴትዮዋ የሰጠችህን ነዋ። ጾም አልነበር?»

ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፋ።

«አልበላሁትም» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጣሳዬን አንስታ ጠላ ሞላችልኝ።