ከምግብ ቤት ትራፊ ጋዝና ውሃ፦ ልደታ ላይ የሠራሁት

«ቆሻሻ ወደ ኃይል» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ረጲ ነው፤ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተገነባው ማቃጠያ። ለኔ ምግብ ቤት ግን ማቃጠል አልታየኝም። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የቡና አተላ፣ ሁሉም ውሃ ያዘለ ነው። የአንዱን ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ 2.3 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይሄዳል። ስለዚህ ላስቲኩንና ጣሳውን ለቆራሌው ለየሁ፤ እርጥቡን ጓሮ ወደተቀበረው የባዮጋዝ ጉድጓድ፣ ትራፊ አየር በሌለበት ተብላልቶ የሚነድ ጋዝ ወደሚሰጥበት።

ማስጀመሪያው ከቄራ የመጣ ፈርስ ነው። ሚቴን፣ ማለትም የሚነደውን ጋዝ፣ የሚሠሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ከከብቱ ሆድ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። የሚወዱት ግን 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ብርድ ናት። ጉድጓዱን ለቆላ ከሚበቃው አስፍቼ አስቆፈርኩት፣ ትራፊው ረዘም ብሎ እንዲቆይ። ሙቅ የዕቃ ማጠቢያ ውሃም እጨምርበታለሁ። በረኪና የነካው ከሆነ ግን ጠብታ አይገባም፤ ሕዋሳቱን ይፈጃል።

ያስቸገረኝ እንጀራው ነው። ቶሎ ይብላላል፣ ጉድጓዱን ያኮመጥጣል፤ ፒኤች (የኮምጣጣነት ልኬት ነው፤ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ6.5 ሲወርድ ሚቴኑ ይደክማል። ይህን ከመለኪያው ቀድማ የምታውቀው ወጥ ሠሪያችን ናት። «ልጄ፣ ዛሬ ጠላ ጠላ ይሸታል» ካለችኝ መመገቡን አቁሜ ትንሽ ኖራ እበጠብጥለታለሁ። ከፋሲካ ማግስት ያለው ሳምንት ደግሞ ለብቻው ነው፦ ሁለት ወር ሽሮና ምስር የለመደ ጉድጓድ ድንገት ቅባት ሲጫንበት ይታወካል። ስቡን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምለቅለት።

ጋዙ ምድጃ ሳይደርስ ዝገት ባለው የብረት ፍቅፋቂ ውስጥ ያልፋል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያስቀርለታል። የጠቆረውን ፍቅፋቂ ስታወጡ ተጠንቀቁ፣ አየር ሲነካው ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ለሻይና ለወጥ ጥሩ ነው፤ እንጀራው እስካሁን በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው።

ውሃውን በተመለከተ ሰው ሲያጋንን እሰማለሁ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ፍሳሽ ይጠልላል፣ ፊላ በተተከለበት ጠጠር ያልፋል፣ በመጨረሻ በአሸዋ ይጣራል። ጠርቶ ሽታው ይጠፋል፤ ጀርሙ ግን ሁሉም አልቀረም። መጸዳጃ ቤት እንለቅበታለን፣ ግቢ እናጥብበታለን፣ ዛፎቹን እናጠጣበታለን። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ አላጠጣበትም፤ ለመጠጥማ አይታሰብም፣ ለእሱ የቧንቧው አለ።