አውሮፕላን ቆመን የምናይበት ቦታ ይኑረን

ሰሞኑን ስለ ቢሾፍቱው አዲሱ ኤርፖርት ሲወራ ጆሮዬ ሁሌ አንድ ነገር ነው ሚፈልገው። ግንባታው ጥር 2018 ላይ በይፋ ተጀመረ፣ ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ነው ተባለ፣ አራት መንደርደሪያ ይኖረዋል፣ ሁሉም ምዕራፍ ሲያልቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተባለ። ይሄን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው ደስ ሚለኝ። ግን ትኬት ያልያዘ ሰው፣ ልጁን በእጁ ይዞ የመጣ አባት፣ ከትምህርት ቤት በአውቶብስ ተጭነው የመጡ ተማሪዎች፣ እነዚህ ሰዎች ቆመው አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ሚያዩበት ቦታ ሲነሳ አልሰማሁም። ዛሬ ምፅፈው ስለሱ ነው።

ምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ነፋሱ ከምዕራብ ሲሆን አውሮፕላኖቹ በኛ በኩል እየወረዱ ቦሌ ይገባሉ፣ ከምስራቅ ሲሆን ደሞ ከዛ ተነስተው ወደኛ ይወጣሉ፣ ምክንያቱም አውሮፕላን ሲነሳም ሲያርፍም ነፋሱን በግንባሩ መቀበል ነው ሚፈልገው። ስለዚ ጠዋት መስኮት ሳልከፍት ድምፁን ሰምቼ ብቻ ነፋሱ ከየት እንደሆነ አውቃለሁ።

ስራ ከሌለኝ ደረጃው አናት ላይ፣ ሴቶቹ ልብስ ሚያሰጡበት ጋ ወጥቼ እቆማለሁ። አንሶላውን ገለጥ አርጌ ወደ ምስራቅ ሳይ መጀመሪያ መብራቱ ብቻ ነው ሚታየው፣ ነጭ መብራት፣ ሚንቀሳቀስም አይመስልም፣ ከዛ ቀስ እያለ ክንፍ ይወጣለታል። እግሩን ሲያወርድ ነው ማንነቱ ሚለየው። የቦይንግ 767 ዋና እግሮች ላይ አራት አራት ጎማ አለ፣ አየር ላይ እያለ ፊተኞቹ ሁለቱ ወደታች ያዘቀዝቃሉ፣ በ777 እና በድሪምላይነር፣ ማለትም በ787፣ ደሞ ግልባጩ ነው፣ ኋለኞቹ ናቸው ዝቅ ሚሉት። 777 በአንድ እግሩ ስድስት ጎማ ነው ያለው። ድሪምላይነርን ጎማ ባታዩም በሞተሩ ታውቁታላችሁ፣ ሽፋኑ ከኋላ በኩል ጥርስ ጥርስ አለው። ኤርባስ ኤ350 የፓይለቶቹ መስኮት ዙሪያ ጥቁር ስለሆነ መነፅር ያረገ ሰው ነው ሚመስለው። ይሄን ሁሉ ማንም ቁጭ አርጎ አላስተማረኝም፣ በማየት ነው የመጣው።

ማለት ትንሽ አስተማሪ ነበረኝ። ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜያቸውን አውሮፕላን ሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ ነው የጨረሱት፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ከሰዓት በኋላ ከብሎኩ ስር ወንበራቸውን አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። "ጋሼ ይሄ የቱ ነው?" ስላቸው ቀና እንኳን ሳይሉ "ኪው 400 ነዋ ልጄ፣ ፕሮፔለሩ አይሰማህም እንዴ?" ይሉኛል። 727 ሲነሳ ቤት ውስጥ ያለ ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር ይላሉ፣ ሶስቱም ሞተሮች ጭራው ጋ ነበሩ። ከሁሉ ግን ማውራት ሚወዱት የ1976ቱን ነው፣ የመጀመሪያው 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ የገባበትን፣ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በዛን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዓለም ሪከርድ ነበር። እሳቸው ሃንጋሩ በር ላይ ቆመው ነው ሲገባ ያዩት። ይሄን ሲናገሩ እጃቸው ራሱ ያርፋል፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አፍንጫውን ቀና አርገው ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉታል።

እኔ ያደግኩት ቡልቡላ ነው። ዛሬ ፎቅና ግሮሰሪ የሞላበት ያኔ ማሳ ነበር፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ከብት ይዘን ወጥተን መንደርደሪያው ሚታይበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ምንውለው። ላሞቹ ለምደውት ቀና አይሉም፣ እኛ ግን አንድም አያመልጠንም ነበር። ትንሹ ፎከር ሲሆን ወደ ክፍለ ሀገር ነው እንላለን፣ ትልቁ ሲሆን ፈረንጅ አገር ነው፣ ማን ይሄድበታል ምን ይበላሉ እያልን ስንከራከር ይመሻል። ከነዛ ልጆች አንዱ ዛሬ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነው። አባቱ ገበሬ ናቸው፣ ቤታቸው ስለ አቪዬሽን ሚያወራ አንድ ሰው አልነበረም፣ ያ ልጅ ያለው ነገር ያ ከፍታ ብቻ ነበር።

ዛሬ ያ ከፍታ የለም፣ ቤት ተሰርቶበታል። ቤት መሰራቱን አልቃወምም፣ ሰው የት ይደር። ግን የጠፋው ነገር ምትክ አልተሰጠውም።

ነሐሴ 2004 ላይ የመጀመሪያው ድሪምላይነር ሲመጣ፣ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆነን ማለት ነው፣ ጓደኞቼና እኔ በዛ ዝናብ ከአጥሩ ራቅ ብለን ጭቃ ላይ ቆመን ጠበቅነው። ክንፉ ከለመድናቸው ሁሉ በላይ ወደላይ ጎበጥ ያለ ነው፣ ድምፁ ደሞ ለመጠኑ በጣም ዝቅተኛ፣ ካለፈን በኋላ ነው በደንብ የሰማነው። አንዱ ጓደኛችን አለቀሰ። ከዛ የጥበቃ ሰው መጣና "ምን ትሰራላችሁ እዚ? በሉ ሂዱ" አለን። ሰውየው ስራውን ነው የሰራው፣ አልተቀየምኩትም፣ በትህትና ነው የተናገረንም። ግን ሂዱ ሲለን ወዴት? ያን ቀን ሊያሳየን ሚችለው ቦታ ቢኖር ኖሮ እሱም ደስ እያለው "ወንድሞቼ እዛ ጋ ሂዱ፣ ከዛ ይታያችኋል" ይለን ነበር።

የዚህ አገር የአቪዬሽን ታሪክ ራሱ ከተማው ዳር ላይ ነው የጀመረው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 ምትባል የፈረንሳይ ስሪት፣ ያረፈችው ገፈርሳ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪ ሆኑ። ከዛ ጣሊያን ሊገባ ሲል እዚሁ አገር የተገጣጠመችው አውሮፕላን "ፀሐይ" አለች፣ ተወስዳ ስንት ዘመን ጣሊያን ከርማ ጥር 2016 ላይ ነው የተመለሰችው። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 በአስመራ አድርጎ ካይሮ ድረስ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ሜዳው ልደታ ነበር፣ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዛ ነው። ጄት ሲመጣ ልደታ ጠበበና ወደ ቦሌ ተሄደ፣ ቦሌ ያኔ ዳር ነበር። አሁን ደሞ ቦሌ ጠበበና ወደ ቢሾፍቱ እየተሄደ ነው። በየጊዜው ኤርፖርቱ ሚሄድበት ቦታ ላይ ከብት ሚጠብቅ ልጅ አለ፣ ያ ልጅ ቀና ብሎ ያያል፣ እኔ ምለው ያ ልጅ ሚቆምበት ቦታ በፕላኑ ላይ ይሳልለት ነው።

ደሞ ቦሌ ላይ ማየት ማንኛውም ቦታ ላይ እንደማየት አይደለም። ቦሌ ከባህር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ክንፉም ሚያገኙት አየር ያነሰ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከምድር ለመነሳት ብዙ መሮጥ አለበት። ሌላ አገር ቶሎ ሚነሳው 777 እዚ ሲሮጥ ሲሮጥ መንደርደሪያው ያልቅበታል ብላችሁ ልባችሁ ይሰቀላል። ለዛ ነው መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ሚደርሰው፣ ለዛም ነው ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ መሀል ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሲታረፍ የኖረው፣ ሙሉ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛ ጋር ይዞ ከዚህ ከፍታ መነሳት ከባድ ነው፣ ሲመለስ ግን ቀጥታ ይመጣል። ቢሾፍቱ ከዚህ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ መሆኑ አንዱ ጥቅሙ ይሄው ነው። አስቡት እስኪ፣ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ አርባ ተማሪ ይዞ መንደርደሪያው ዳር ቆሞ ይሄን ቢያስረዳ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተፃፈ ሊፍት፣ ክንፍን ወደላይ ሚያነሳው ኃይል፣ ምናምን ያኔ ነው ነፍስ ሚዘራው።

መጋቢት 1 ቀን 2011ን መፃፍ ይከብደኛል ግን ዘልዬው ማለፍ አልችልም። የአየር መንገዳችን በረራ ኢቲ 302 ከቦሌ ተነስቶ ስድስት ደቂቃ ቆይቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፣ 157 ሰው አለቀ። እሁድ ነበር። እኛ አውሮፕላን ምንወድ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሰማይ ማየት አቃተን፣ ጋሼ ወንበራቸውን አውጥተው መቀመጥ ተዉ፣ እኔም ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ራቅ እስኪል ትንፋሼን እይዝ ነበር። ቆይቶ ነው ቀስ ብለን የተመለስነው። አውሮፕላን መውደድ ማለት ፎቶ ማንሳት ብቻ ነው ሚመስለው ሰው ካለ ያኔ ቢያየን ጥሩ ነበር። ውስጡ ሰው እንዳለ እናውቃለን፣ ስናይ ምናስበው እነሱን ነው፣ በሰላም ግቡ እያልን ነው ምናየው።

ስለ ማያ ቦታ ሳነሳ ሁሌ ሚመጣብኝ መልስ ፀጥታ ነው። ቀላል ነገር አይደለም፣ ኤርፖርት ነው፣ መጠበቅ አለበት። ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ቦታ ስለሌለ አሁን ሰው የትም ነው ሚቆመው፣ ጎሮ በኩል ያላለቀ ፎቅ ላይ፣ መንገድ ዳር መኪና አቁሞ፣ አጥር ስር። ጥበቃው ደጉን ከክፉው በምን ይለየው? አንድ የታወቀ፣ የታጠረ፣ መታወቂያ ታይቶ ቦርሳ ተፈትሾ ሚገባበት ቦታ ሲኖር ግን ከዛ ውጪ ሚያንዣብብ ሰው ወዲያው ይታያል። በዛ ላይ ሁሌ ሚመጣ ተመልካች የለመደውን ያውቃል፣ አንድ ነገር ከወትሮው ሲለይ መጀመሪያ ሚያየው እሱ ነው፣ ሁለት ዓይን ያለ ደመወዝ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2001 ግሪክ ውስጥ የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ አውሮፕላን ሲመለከቱ የነበሩ እንግሊዞችና ሆላንዶች በስለላ ተጠርጥረው ታሰሩ፣ በቀጣዩ ዓመት ተፈረደባቸው፣ በዛው ዓመት ይግባኝ ብለው ነፃ ወጡ። እነዛ ሰዎችም ፖሊሶቹም ዳኞቹም ያን ያህል የደከሙት የዚህን ፍቅር ምንነት ሚያውቅ ሰው በመሀል ስላልነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው አገር ይሄን ፈትቶታል። ቶኪዮ ሃኔዳ ተርሚናሎቹ ጣራ ላይ ሰው በነፃ ይወጣል፣ ሽማግሌው ልጁ ጥንዱ ሁሉ አጥር ተደግፎ ያያል። ማንቸስተር መንደርደሪያው ጎን መናፈሻ አለ፣ ከድምፅ ይፈጥን የነበረው የመንገደኛ አውሮፕላን ኮንኮርድ እንኳን ቆሞበታል። እኔን ግን ከሁሉ ሚበልጥብኝ ሙኒክ ነው፣ ሰው ሰራሽ ኮረብታ ሰርተው ደረጃ አበጁለት፣ ከስሩ የድሮ አውሮፕላኖች አቆሙ፣ አንዱ ዲሲ 3 ነው። የኛ አየር መንገድ 1938 ላይ ካይሮ የሄደበት ዘር ማለት ነው። እነሱ ጋ ልጆች እየተሻሙ ይነኩታል።

ስለዚ ምጠይቀው ይሄን ነው። ቦሌ ላይ በቡልቡላ በኩል፣ ማለትም በደቡብ፣ ትንሽም ብትሆን ቦታ ትለቀቅ። ደቡብ ያልኩት ለሰፈሬ አድልቼ አይደለም፣ መንደርደሪያዎቹ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፣ አብዛኛውን ዓመት ፀሐይዋ በደቡብ ነው ምታልፈው፣ በደቡብ የቆመ ሰው ብርሃኑ ከጀርባው ሆኖ አውሮፕላኑን ጥርት አርጎ ያያል። አጥር፣ ጥላ፣ ሽንት ቤት፣ ቡና ምታፈላ ሴት፣ አንድ ጥበቃ፣ በቃ። መግቢያ ሃያ ሰላሳ ብር ይሁን፣ የትምህርት ቤት ልጆች ግን በነፃ። እንደ ጋሼ ያሉ ጡረተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ቢያስረዱ በደስታ ነው ሚመጡት፣ ጠይቄያቸዋለሁ፣ "ኧረ ዛሬም ቢሉኝ እመጣለሁ" ነው ያሉኝ።

ቢሾፍቱ ላይ ደሞ ገና ከመጀመሪያው ይታሰብበት፣ ካለቀ በኋላ ይጨመር ከተባለ መቼም አይጨመርም። ከተማው የአየር ኃይል መቀመጫ ነው፣ ህዝቡ ሰማይ እያየ ነው ያደገው። መሬታቸው ላይ ኤርፖርቱ ሚሰራባቸው ገበሬዎች ደሞ አሉ፣ ልጆቻቸው ከማንም በፊት እዛ ቆመው የማየት መብት አላቸው ባይ ነኝ። ለአራት መንደርደሪያ ሚቆፈረው አፈር ተራራ ነው ሚያክለው፣ ሁሉም ተጭኖ የሆነ ቦታ መደፋቱ አይቀርም፣ ከዛ ውስጥ አንዷን ክምር በደቡብ በኩል ይተዉልን፣ ደረጃና መደገፊያ ብረት ያርጉላት፣ ሳሩን እኛ እንተክላለን።